ከኮልፌ 18 ማዞሪያ እስከ ባሕር ማዶ፦ የአነስተኛ ድርጅት ገበያ በምናባዊው ዓለም

(ለማኅበሩ አባላት በዓመታዊው ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ገበያ ሲባል ከጥንት ጀምሮ የሚታሰበው ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው የሚነጋገሩበት፣ ዕቃው በእጅ ተዳስሶ በዐይን ተመርምሮ ዋጋው በክርክር የሚቆረጥበት ሥፍራ ነው። ጋቢ የሚገዛ ሰው ጋቢውን በብርሃን ፊት ዘርግቶ ድሩንና ማጉን ይመለከታል፤ ጫማ የሚገዛ ሰው ሶሉን አጥፎ ያያል፣ ስፌቱንም በጣቱ ይፈትሻል። ገዢው ሻጩን ፈጽሞ ባያውቀው እንኳ የገዛ እጁንና ዐይኑን ስለሚያምን ገንዘቡን አውጥቶ ይከፍላል።

ዛሬ ግን ከዚህ በእጅጉ የተለየ ገበያ አለ። ሻጩ በኮልፌ 18 ማዞሪያ በሥራ ቤቱ ተቀምጦ፣ ገዢው በሌላ ክፍለ ዓለም በመኖሪያ ቤቱ ሆኖ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር በመስታወት ላይ የሚታይ ምስል ብቻ ነው። ዕቃው አይዳሰስም፤ ሻጩም በአካል አይታይም። የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ባለው ገበያ ውስጥ አንድ አነስተኛ የአገር ቤት ድርጅት ሊታመን የሚችለው በምን ዐይነት መንገድ እንደ ሆነ መመርመርና በዚህ ረገድ የመሐንዲሱ ድርሻ ምን እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

፩. ቦታውና ነባሩ የገበያ ሰንሰለት

ኮልፌ 18 ማዞሪያ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት የሚዘልቀው የቀለበት መንገድ ያልፍበታል፤ ከመርካቶም እምብዛም አይርቅም። እንደ ሌሎቹ የከተማይቱ ሰፈሮች ሁሉ ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል ብረት የሚበይዱ፣ እንጨት የሚያለዝቡ፣ ልብስና ጫማ የሚሰፉ፣ ከአምስት እስከ ዐሥር ሰው የሚሠራባቸው አነስተኛ የሥራ ቤቶች ይገኛሉ።

የእነዚህ ሥራ ቤቶች ዕቃ ወደ ሸማቹ የሚደርሰው በረጅም ሰንሰለት ነው። ሠሪው ለነጋዴ ያስረክባል፤ ነጋዴው ለሱቅ ያከፋፍላል፤ የባሕር ማዶ ገዢ ቢገኝ ደግሞ ሌላ ላኪና ሌላ ተቀባይ በመካከል ይገባሉ። በየደረጃው የሚቆረጠው ትርፍ ተገቢ የሆነ የድካም ዋጋ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለሠሪው ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕቃው ከእጁ በወጣ ጊዜ የሠሪው ስም ከዕቃው ላይ መጥፋቱ ነው። ስሙ የጠፋበት ሠሪ ጥሩ ቢሠራ አይመሰገንም፤ ዋጋ ልጨምር ቢልም የሚሰማው የለም፤ ምክንያቱም ገዢው ማን እንደ ሠራው አያውቅም።

፪. ከዘነበወርቅ የወጣው ጫማ

ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር በኢትዮጵያ ከተደረጉት ሙከራዎች በሰፊው የታወቀው በዚሁ ክፍለ ከተማ የተጀመረ ነው። ከ18 ማዞሪያ በቀለበት መንገዱ ወደ ደቡብ ሲወረድ ዘነበወርቅ ይገኛል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1965 ከተቋቋመው ከአለርት ሆስፒታል ጋር ታሪኩ የተያያዘ ነው፤ ለሕክምና ከየአገሩ የመጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው በዙሪያው ሰፍረውበታል። ከነዋሪዎቹ መካከል ጥጥ የሚፈትሉ፣ የሚሸምኑና የሚሰፉ ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም በበሽታው ላይ የነበረው መጥፎ አመለካከት ሥራ እንዳያገኙ ዕንቅፋት ሆኖባቸው ቆይቷል።

በዚህ ሰፈር ተወልደው ያደጉት ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ከቤተሰብ በተገኘ ገንዘብ፣ በጥቂት ሠራተኞች «ሶልሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት መሠረቱ። የድርጅቱ መነሻ ሐሳብ ኢትዮጵያውያን ለዘመናት የሚያውቁት ነገር ነበር። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ለሶሉ፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነው ጥጥ ለላይኛው ክፍል ዋለ። አዲስ የነበረው የዕቃው ዐይነት ሳይሆን ዕቃው ለዓለም የቀረበበት መንገድ ነው።

የድርጅቱ የአቀራረብ ስልት ሦስት ነገሮችን ያካተተ ነበር። አንደኛ፣ በራሱ ስም ድረ ገጽ ከፍቶ ለገዢው በቀጥታ ተናገረ። ሁለተኛ፣ እንደ አማዞንና እንደ ሆል ፉድስ ባሉ ትልልቅ የአሜሪካ ሻጮች በኩል ዕቃውን በራሱ ስም አስገባ። ሦስተኛ፣ ስለ አሠራሩ የሚናገረውን ቃል በሌላ ወገን አስመረመረ፤ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን ማረጋገጫ ያገኘ የመጀመሪያው የጫማ አምራች ለመሆንም በቃ። ኋላም ታይዋንን በመሳሰሉ አገሮች በስሙ የተጠሩ ሱቆች ተከፈቱ። መሥራቿም እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት መሪዎች አንዷ አድርጎ መርጧቸዋል።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ጥር መሆኑ ሲታሰብ፣ ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ ከአንድ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈር ተነሥቶ እዚህ ደረጃ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። የድርጅቱ ምሳሌነት ግን በዝናው ብቻ መታየት የለበትም። ዋናው ትምህርት ገዢው ሊዳስሰው ባልቻለው ዕቃ ፈንታ ሊመረምረው የሚችለው ነገር ተሰጠው የሚለው ነው፤ ይኸውም የሠሪው ስም፣ የአሠራሩ ታሪክና የሦስተኛ ወገን ምስክርነት።

፫. ምናባዊው ዓለምና የባዶ አዳራሽ ትምህርት

«ምናባዊ ዓለም» የሚለው ቃል ከተራው ድረ ገጽ አንሥቶ ሰው በራሱ አምሳል የሚመላለስበትን በኮምፒዩተር የተሠራ ከተማ እስከ መግለጽ ይደርሳል። የኋለኛው ዐይነት በሰፊው የታወቀው ሊንደን ላብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 «ሴኮንድ ላይፍ» የተባለውን ዓለም በከፈተ ጊዜ ነበር። በዚያ ዓለም መሬት ይሸጣል፤ ልብስና ቤት ይሠራል፤ የራሱ ገንዘብም አለው፤ ገንዘቡ በዶላር ይመነዘራል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ታላላቅ ኩባንያዎች ወደዚያ ተሽቀዳደሙ። አሜሪካን አፓረል የተባለው የልብስ ድርጅት ያማረ ሱቅ ሠርቶ ከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ2007 ግን ዘጋው። ሱቁ ቢያምርም ሰው በብዛት አልገባበትም፤ የገባውም የሚነጋገረው አላገኘም። በአንጻሩ በዚያው ዓለም ዘወትር የሚመላለሱ ተራ ግለሰቦች ለአምሳያ አካላት ልብስና ጌጥ እየሠሩ በጥቂት ዋጋ ሲሸጡ ገቢ አገኙ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኩባንያው አዳራሽ ሠራ፤ ግለሰቦቹ ግን ከገዢዎቻቸው ጋር ኖሩ፣ ጥያቄያቸውን ሰሙ፣ በጠየቋቸው ልክ ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ፌስቡክ ስሙን «ሜታ» ብሎ በለወጠ ጊዜ ይኸው ጉጉት እንደ ገና ተቀሰቀሰ። ለ18 ማዞሪያ ሥራ ቤት የሚበጀው ከፊተኛው ልምድ መማር ነው። ለአነስተኛ ድርጅት የምናባዊው ዓለም ጥቅም የአዳራሹ ማማር አይደለም፤ በርቀት ካለ ገዢ ጋር ሳያቋርጡ መነጋገር መቻሉ ነው። ለአዳራሹ የሚወጣው ገንዘብ ለዕቃው ትክክለኛ መግለጫና ለፈጣን መልስ ቢውል የተሻለ ፍሬ ይሰጣል።

፬. መለኪያ፣ ምስልና ጥቅል

የመሐንዲሱ ሙያ የሚገባበት ዋናው ሥፍራ ይህ ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በ18 ማዞሪያ ያለ ስድስት ሠራተኞች ያሉት አንድ ጫማ ሠሪ ድርጅት በሐሳብ ይወሰድ።

የመጀመሪያው ችግር ቁጥር ነው። በአውሮፓ ልማድ የጫማ ቁጥር የሚሰላው በፎርማው ርዝመት ሲሆን አንዱ ደረጃ የሴንቲ ሜትር 2/3ኛ፣ ማለትም 6.67 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 42 ቁጥር የ28 ሴንቲ ሜትር ፎርማ ማለት ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን አንዱ ደረጃ የኢንች 1/3ኛ፣ ማለትም 8.47 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ መለኪያዎች በየደረጃው አይገጣጠሙም፤ በግምት የሚዘጋጅ የማመሳከሪያ ሠንጠረዥም ገዢውን ያሳስታል። ከዚህም ሌላ ፎርማው በአገልግሎት ብዛት ተበልቶ ወይም በእጅ ተቀርጾ ከጥንድ ወደ ጥንድ 4 ሚሊ ሜትር ቢለያይ፣ ስሕተቱ ከአንድ የአውሮፓ ደረጃ ግማሽ በላይ ነው። በመርካቶ ገዢው ጫማውን ለክቶ «ይሄ ጠበበኝ፣ ሌላ አምጣ» ይላል። ከባሕር ማዶ ግን የጠበበ ጫማ ተመልሶ ሲመጣ የማጓጓዣው ዋጋ የጫማውን ትርፍ ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ ገዢውም ዳግመኛ አይመለስም።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ፎርማዎች በዓመት ሁለት ጊዜ በካሊፐር ተለክተው ልካቸው በመዝገብ ይጻፍ፤ የተበላው ይወገድ። ለገዢው ደግሞ ከቁጥሩ ጎን የእግሩ ርዝመት በሚሊ ሜትር ይጠየቅ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ9407 ቁጥር ያወጣው የጫማ መለኪያ የተመሠረተው በዚሁ በእግር ርዝመት ላይ ነው። ገዢው እግሩን ወረቀት ላይ አቁሞ በእርሳስ ከቦ ቢለካ፣ 18 ማዞሪያ ያለው ሠሪ በመርካቶ ከሚያገኘው ያላነሰ መረጃ ያገኛል።

ሁለተኛው ምስል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለ ሆነች፣ በብዙው የዓመቱ ክፍል የቀትር ፀሐይ ከአናት አካባቢ ይወርዳል፤ በዚህ ሰዓት የተነሣ ፎቶግራፍ ከላይ ነጭቶ ከሥር ይጠቁራል። በማታ አምፑል ሥር የተነሣው ደግሞ ነጩን ጥጥ ቢጫ ያደርገዋል። ተመራጩ በቀን ብርሃን፣ በጥላ ሥር፣ ከነጭ ወረቀት ጎን ማንሣት ነው፤ ነጩ ወረቀት ቀለሙን ለማስተካከል ይረዳል። የፋይሉ ክብደትም ይታሰብበት። 3 ሜጋ ባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር 24 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ወደ 200 ኪሎ ባይት ቢቀነስ ከ2 ሴኮንድ በታች ይደርሳል። የሚጠብቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ዕቃውን በሦስት አውታር፣ ገዢው እያዞረ እንዲያየው አድርጎ ማቅረብም ይቻላል። ዘዴው ለማኅበሩ አባላት እንግዳ አይደለም፤ ካርታ ለመሥራት ከአውሮፕላን በሚነሡ ተደራራቢ ፎቶግራፎች የሚሠራበት የፎቶግራሜትሪ ስልት ነው። አንድ ጫማ በዙሪያው በብዙ አቅጣጫ ተነሥቶ እያንዳንዱ ነጥብ በበርካታ ፎቶግራፎች ላይ ከታየ ቅርጹ በስሌት ይወጣል። በዚህ ረገድ የእጅ ሥራ ዕድለኛ ነው። የሚያብለጨልጭና ወጥ የሆነ ገጽ ለስሌቱ አስቸጋሪ ሲሆን፣ በእጅ የተፈተለ ክር ጉብታና የጥለት መስመር ያለው ሸማ ግን ኮምፒዩተሩ የሚለያቸው ምልክቶች ሞልተውታል። ምስሉ በራሱ መጠን ስለማይናገር ግን ከጫማው አጠገብ ልኩ የታወቀ ማስመሪያ ማኖር ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ጥቅል ነው። የአየር መልእክት አድራሾች የሚያስከፍሉት ከሚዛኑ ክብደትና ከይዘት ክብደት በሚበልጠው ነው። የይዘት ክብደት የሚገኘው የጥቅሉ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ሲካፈል ነው። 700 ግራም የሚመዝን ጥንድ ጫማ 32 በ20 በ12 በሆነ ካርቶን ቢገባ ይዘቱ 7,680 ስለሚሆን 1.54 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል፤ ብዙዎቹ ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ስለሚያስጠጉትም የ2 ኪሎ ይከፈልበታል። ይኸው ጫማ ሶል ከሶል ተጋጥሞ 30 በ22 በ7 በሆነ ከረጢት ቢታሸግ 0.92 ኪሎ ይሆንና የ1 ኪሎ ይከፈልበታል። ጫማው ያው ነው፤ የተለወጠው አስተሻሸጉ ብቻ ነው።

፭. የስም ጥበቃ

ዕቃው በታወቀ መጠን ስሙን የሚመኝ ይበዛል። ኢትዮጵያ ይህን በቡና ተምራዋለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ስሞች በአሜሪካ እንዲመዘገቡለት አመልክቶ ተቃውሞ ገጠመው፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር በስምምነት የተቋጨው በ2007 ሰኔ ነበር። በክርክሩ ውስጥ የነበረው ቁም ነገር በሩቅ አገር ከሚከፈለው ዋጋ ውስጥ ገበሬው የሚደርሰው ድርሻ በስሙ ባለቤትነት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው።

ይኸው ጉዳይ ወደ ምናባዊው ዓለምም ተሻግሯል። አንድ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ሰው የሄርሜስን የታወቀ ቦርሳ አምሳያ ምስሎች በመረብ ላይ በሸጠ ጊዜ ኩባንያው ከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የካቲት በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት 133,000 ዶላር ተፈረደለት። ምስል ብቻ የሆነ ነገርም ቢሆን የሌላውን ስም ተሸክሞ ሊሸጥ እንደማይገባው በዚህ ታየ። ነገር ግን ሄርሜስ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ አለው፤ የ18 ማዞሪያ ሠሪ የለውም። ስለዚህ የሚያዋጣው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። በአገር ውስጥ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፤ ምዝገባ ግን የሚጠብቀው በተመዘገበበት አገር ብቻ ስለ ሆነ፣ ድርጅቱ ብዙ በሚሸጥበት አገርም ስሙን ማስመዝገብ ይገባዋል። የድረ ገጹ ስምም በድርጅቱ በራሱ ስም መያዝ አለበት፤ ድረ ገጹን በሠራው ወጣት ወይም በውጭ ባለ ዘመድ ስም ተይዞ ቆይቶ በኋላ ጠብ ያስነሣል።

፮. ክፍያ፣ ቀረጥና መስመር

በዚህ ክፍል ያሉት ችግሮች አብዛኛዎቹ ከሠሪው ቁጥጥር ውጭ ስለ ሆኑ በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። በሕግ በኩል የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በመረብ የተደረገ ውልና ደረሰኝ በሕግ ፊት እንዲጸና አድርጓል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ወደ ውጭ ለሚልክ ሰው የሚደርሰውን ብር ጨምሮለታል፤ ከውጭ የሚመጣውን ማስቲሽና ክር ግን አስወድዶበታል።

በገዢዎቹ አገሮች በኩል የነበሩ በሮች ጠበዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ጥቅሎች ይሰጥ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት በ2013 ዓ.ም. ሰኔ አስቀርቷል። ኢትዮጵያ በአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ተጠቃሚነቷን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጥታለች። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ታስገባው የነበረውን ጥቅልም ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በቀረጥ ሥር አውላዋለች። በዚህ ሁኔታ አንድ ጥንድ ጫማ ለአንድ ገዢ በፖስታ የመላኩ ስሌት እየከበደ ሄዷል። ስለዚህ በምናባዊው ዓለም የሚታየው ሱቅ በይበልጥ የሚፈለገው ለሺህ ያልታወቁ ሸማቾች ሳይሆን ሃያ ሠላሳ ጥንድ በአንድ ጊዜ ለሚያዙ አምስት ዐሥር ባለ ሱቆች ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የመጀመሪያ ገዢዎችና አስተያየት ሰጪዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም በናፍቆትና በበዓል የሚገዛ ወገን ጉድለትን በይቅርታ ስለሚያልፍ፣ የእርሱ ምስጋና የውጭውን ገበያ ሊያስለካ አይችልም።

የመስመሩ ነገርም አይዘነጋም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ፣ በመረብ የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ ሱቁን እንደ ዘጋ ተቈጠረ። የውጭ ገዢ የመቋረጡን ምክንያት አያውቅም፤ የሚያውቀው መልስ አለማግኘቱን ነው። ስለዚህ የደንበኞች ስም፣ ስልክና ትእዛዝ በኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን በወረቀት መዝገብ መኖሩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስም በስልክ የሚያስታውቅ በውጭ ያለ ታማኝ ወኪል መሰየሙ የግድ ነው።

፯. የባለሙያው ድርሻ

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

መሐንዲስ ለግድብ፣ ለመንገድና ለፋብሪካ እንጂ ለስድስት ሰው ሥራ ቤት አይታሰብም የሚል ልማድ አለ። ነገር ግን ከላይ እንደ ተዘረዘረው የአነስተኛው ሠሪ ዕንቅፋት የብልሃት ማነስ አይደለም፤ ጎማን ከሶል፣ ጥጥን ከጫማ ያገናኘ እጅ ብልሃት አይጎድለውም። የጎደለው ልክን በቁጥር መግለጽ፣ ቁጥሩን በመዝገብ መያዝ፣ የተመዘገበውንም ከዕቃ ወደ ዕቃ ሳያዛንፉ መጠበቅ ነው። ይህ ደግሞ የምሕንድስና ሀ ሁ ነው።

የማኅበሩ አባላት በየሰፈራቸው ካሉት ሥራ ቤቶች አንድ አንዱን ቢይዙና በዓመት ጥቂት ቀን ቢሰጡ፣ የፎርማ መዝገብ ማደራጀት፣ የቁጥር ሠንጠረዥ ማስተካከል፣ የጥቅል ልክ መንደፍና የስም ምዝገባ ማመልከቻ መርዳት ከዐቅማቸው በላይ አይሆንም። ለዚህ ቢሮም በጀትም አይጠይቅም፤ ካሊፐር፣ ሚዛንና ማስመሪያ ይበቃል።

በሩቅ አገር ያለው ገዢ ጫማውን ለብሶ ከቤቱ በወጣ ጊዜ ስለ ኮልፌ አንዳች ላያውቅ ይችላል። ጫማው በተነገረው ልክ ከተገኘ፣ ቀለሙም በምስሉ እንደ ታየው ከሆነ ግን ሁለተኛውን ጥንድ ሲያዝ የሠሪውን ስም ጠርቶ ያዛል። ዕቃው ከእጁ በወጣ ጊዜ ስሙ ይጠፋበት የነበረው ሠሪም ለድካሙ የሚገባውን ዋጋ ለመጠየቅ የሚችለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።